ደጃፌ ላይ የተቋጠረው አፈር

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ባሌ በሕይወት ሳለ "እናትሽ መንገድ ላይ ነው የወለደችሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ ሴቷ ደጎሎ አግብታ ቀረች፣ አንዱ ወንድ ማሻ ነው፣ ሌላው ኩታበር። እኔ ከመካነ ሰላም ከፍ ብሎ ካለው ቤቴ ተነሥቼ ግማሹን ዓመት ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር እከርማለሁ፤ ሚኒባስ ሲገኝ በሚኒባስ፣ ሲጠፋ በእግሬ። የትም ብሆን ግን ለሰኔ እመለሳለሁ። ሰኔ የባቄላዬ ነው።

ባቄላ ስል እንደ ቀላል ነገር እንዳትሰሙኝ። በኛ ቀበሌ የኔ ዘር ስም ነበረው። ኅዳር ላይ ከተወቃ በኋላ ዐውድማው ዳር ቁጭ ብዬ ፍሬ በፍሬ እለቅማለሁ። ቆዳው ያልተሸበሸበውን፣ ጎኑን ነቀዝ ያልነካውን፣ በመዳፍ ሲይዙት ክብደት ያለውን ለይቼ ከአመድ ጋር በትልቅ ቅል አስቀምጣለሁ። ዘር የጎደለበት ሰው ሁሉ ወደኔ ይመጣል፤ አንድ ጣሳ ዘር በአንድ ጣሳ እህል እለውጥለታለሁ። "እጇ ለዘር ይሆናል" ይሉኝ ነበር። ሌላው ሰው የሚመሰገንበት ብዙ ነገር ይኖረው ይሆናል፤ እኔ የነበረኝ ይኸው ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት እንኳ ቅርብ ጊዜ ነው፣ በልጅ ልጄ ደብተር ላይ፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር ካለፈ በኋላ።

ጎረቤቴ የባሌ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። እንደኔው ባሏ ሞቶባታል። ማሳችን ቀድሞ አንድ ነበር፤ ወንድማማቾቹ ሲካፈሉ መኻሉ ላይ ወሰን ወጣበት፣ አንድ እርምጃ የማይሞላ ሣር። በዕድሜ ታንሰኛለችና "እትዬ" ብላ በአንቱታ ነው የምትጠራኝ። ቀልጣፋ ናት፤ ቀልድም አታጣም። ስብሰባ የተጠራ እንደሆነ ከፊት ትቀመጣለች፣ የልማት ሠራተኛዋ አዲስ ነገር ያመጣች እንደሆነ እጇን ቀድማ የምታወጣው እሷ ናት። እኔ ስብሰባ አልወድም። ስብሰባ በተጠራ ቀን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነኝ።

እሷ የምትዘራው ባቄላም የኔው ዘር ነው። የሷ ነቅዞባት መጥታ ብትለምነኝ ሁለት ጣሳ ለውጬላታለሁ። ይህን አሁን የምናገረው ኋላ ስለምፈልገው ነው።

ያን ዓመት ማሻ ምራቴ ወልዳ ነበርና የልጁን ክርስትና ሳላይ አልመለስም ብዬ ከረምሁ። ቤቴ የገባሁት ሰኔ ተጋምሶ ነው። በሬን ልከፍት ስል ከቁልፉ ማንጠልጠያ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ፈታሁት። አፈር ነው። ጥቁር፣ እንደ ጥላሸት የላመ፣ እርጥበት ያለው። የኛ አገር አፈር አይደለም፤ አፈሬን አውቃለሁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በሰው ደጃፍ አፈር ቋጥሮ የሚያንጠለጥል ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅ ሳለሁ እናቴ ከደጇ ሥር የተቀበረ ቁራጭ ጨርቅ ያገኘች ቀን እንዴት እንዳለቀሰች አልረሳውም። በዚያው ዓመት ሁለት ላም ሞተባት። እኔም በስመ አብ ብዬ ሁለት እንጨት አነሣሁ፣ ፌስታሉን በእጄ ሳልነካ በእንጨቱ ቆንጥጬ ገደሉን ወረድሁ፣ ከወንዙ ሙላት ጣልሁት። ጥቁሩ ውኃው ላይ ትንሽ ሰፋ አለና ጠፋ። ተመልሼ በሬን ጠበል ረጨሁት። እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወሩት ይጠናል ስለሚባል ለማንም አልተነፈስሁም። ያኔ የጠረጠርሁት ሰው አልነበረም። ጥርጣሬው ከባቄላው ጋር አብሮ ነው የበቀለው።

እሷ ቀድማኝ ዘርታ ነበር። እኔም በሳምንቱ ዘራሁ። ያረሰልን አንድ ሰው ነው፣ በአንድ ጥማድ በሬ። ዘሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ አፈሩም ቢሆን በሣር ተከፈለ እንጂ አንድ። ሐምሌ ላይ ልዩነት አልነበረውም። ነሐሴ ሲገባ ግን የሷ ጠቆረ። አረንጓዴ ሲበረታ እንደሚጠቁረው ማለቴ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አገዳው እንደ አውራ ጣት፣ አበባው ከታች ጀምሮ ችምችም ያለ። የኔ ገረጣ። አልሞተም፣ አልታመመም፤ ገረጣ ብቻ፣ ከበሽታ እንደተነሣ ሰው ፊት።

ማሳችን ከመንገድ ዳር ነው። ለቅሶ የሚሄደውም፣ ገበያ የሚወርደውም በዚያ ያልፋል። ድሮ ሲያልፉ "የእትዬ ባቄላ" ይሉ ነበር። አሁን እኔ ወሰኑ ላይ ቆሜ እያረምሁ ቀና ስል ሰው ዓይኑን በኔ ላይ አሳልፎ ወዲያ ያያል። "ይሄ የማን ነው?" ብለው የሚጠይቁት ደግሞ እኔን ነው። የሷ ነው እላለሁ። "ምን አድርጋበት ነው?" እንጃ እላለሁ። "የርስዎስ የቱ ነው?" ይሉኛል። ረግጬው ቆሜ፣ የኔ የቱ እንደሆነ እጠየቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ስወጣ በዚያ መንገድ መሄድ ተውሁ፤ በላይኛው ዳገት እዞራለሁ። ጾመ ፍልሰታ ነበር። ቅዳሴ ቆሜ በልቤ የሷን አበባ እቆጥራለሁ። ጎኔ ቆማ ስትጸልይ እጆቿን አያለሁ፤ እነዚህ እጆች ከኔ እጆች በምን ይበልጣሉ እላለሁ። ሰላም ስትለኝ አፌ ይመልሳል፣ ሆዴ አይመልስም። አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ጣለ። ቤት ተቀምጬ የጸለይሁትን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ለእናንተም ልናገር። በረዶው ወሰኑን ለይቶ እንዲወርድ ነው የጸለይሁት። በረዶው ወሰን አልለየም። የሷ ባቄላ አገዳው ጠንካራ ነበረና ቀና አለ፤ የኔ አጎንብሶ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው የደጃፌ አፈር ትዝ ያለኝ። ራሴን በእጄ ያዝሁ። ለካ እንዲህ ነው ነገሩ። እኔ ማሻ ሳለሁ የማሳዬን በረከት በአፈር ቋጥራ ወሰደችው፣ ቀሪውን ደጃፌ ላይ ሰቀለችው። ሳስበው ሁሉ ነገር ገጠመልኝ። ዘሯ የኔ፣ ረድኤቱም የኔ፣ ምስጋናው ግን የሷ። ቅናት ያለበት ሰው ማስረጃ አያጣም። ስትስቅ የምትስቀው በኔ ነው፣ ዝም ስትል የምትደብቀው ነገር አላት።

መስከረም ላይ በገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እሷ መካነ ሰላም መውረዷን አይቼ ወሰኑን ተሻገርሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሳይፈቀድልኝ የሰው ማሳ ገብቼ አላውቅም። መኻሉ ድረስ ገባሁ፤ ባቄላው ደረቴ ይደርሳል፣ ንቡ ጆሮ ያደነቁራል። አንዱን አገዳ ሥሩ እንዳይበጠስ አፈሩን በጣቴ እየፈለፈልሁ ነቀልሁት። የተቀበረ ነገር እፈልግ ነበር፤ ጨርቅ ይሁን፣ አጥንት ይሁን።

ያገኘሁት ሌላ ነው። ሥሩ ዙሪያውን አብጧል። እዚህም እዚያም እንደ ሽምብራ፣ እንደ ምስር የሚያክል እባጭ ተጣብቆበታል፣ በዘለላ በዘለላ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። እኛ አገር የባቄላን ቅጠል የሚያሳብጥና የሚያኮራምት በሽታ አለ፤ ቆርምድ እንለዋለን። የገባበት ማሳ ለዘር አይተርፍም። ይሄ ደግሞ ሥር ውስጥ ገብቷል። ላይ ላዩን አምሮ ታች በስብሷል አልሁ። አገዳውን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። የኔንም ማሳ አልፌ ስሄድ አንድ ነቅዬ አየሁ፤ ሥሩ ቀጭን፣ ነጭ፣ አንድም እባጭ የሌለበት ነው። ገርጥቶም ቢሆን ንጹሕ ነው ብዬ ኮራሁበት።

ነግሬ ላስጠነቅቃት ይገባኝ ነበር። አልነገርኋትም። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ መውደቁን እጠብቃለሁ። ባቄላው አይወድቅም። አንድ ቀን ይጠወልጋል ስል ጭራሽ አንዠረገገ።

እንዲህ ስጠብቅ የልማት ሠራተኛዋ ገበሬ ሰብስባ መጣች፣ የጎረቤቴን ማሳ ልታሳይ። ወጣት ናት፤ ጭቃ የማትፈራ፣ ከሰው ጋር ቶሎ የምትግባባ። ወሰኑ ላይ ተደረደሩ። ሁሉም ሲያደንቅ፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ ቆሜ ማየት አቃተኝ። ሰው መኻል መናገር የማልወደው እኔ አፌን ከፈትሁ።

"ቅጠሉን ብቻ አታሳያቸው፣ ልጄ" አልሁ። "ሥሩንም አሳያቸው። ሥሩን ቆርምድ በልቶታል።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የባሌ ወንድም ሚስት ግን ሳቅ እያለች፣ "እትዬ፣ የኔን ባቄላ ሥር መቼ አዩት?" አለችኝ። ጥቂቶች ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።

የልማት ሠራተኛዋ አልሳቀችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። "ጥሩ አስታወሱኝ፣ እማማ" ብላ አንድ አገዳ ነቀለች፣ ሥሩን በውኃ አጥባ ከፍ አድርጋ አሳየች። ያው እባጭ ነው። አንዱን ፈልቅቃ በጥፍሯ ለሁለት ከፈለችውና ወደኔ አቀረበችው። ውስጡ ቀይ ነው። ቀይም አይደል፣ ሥጋ የመሰለ፣ የሕፃን ድድ የሚመስል።

በሽታ አይደለም አለች፤ ቤት ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይኖራሉ። ከነፋሱ ላይ ምግብ እየወሰዱ ለባቄላው ይሰጣሉ፣ ባቄላው ደግሞ እነሱን ይቀልባል። ውስጡ እንዲህ የቀላ እንደሆነ እየሠሩ ነው፤ እባጭ የሌለው ሥር ግን ብቻውን ነው። ነፍሳቱ ጥቁር ዱቄት በመሰለ አፈር ታሽገው ነው የሚመጡ። ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰው፣ በጥላ ሥር ከዚያ ዱቄት ጋር አሽተው፣ ፀሐይ ሳያገኘው ወዲያው አፈር ያለብሱታል። ፀሐይ ይገድላቸዋል። አንዴ ከገቡ ደግሞ ባቄላው ከታጨደም በኋላ አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ።

ጥቁር ዱቄት ስትል የደጃፌ ፌስታል ትዝ አለኝ። የኔ ነጭ ሥር፣ የኮራሁበት ንጹሕ ሥር፣ ዓይኔ ላይ መጣ።

ከሰው መኻል ያቺው የባሌ ወንድም ሚስት ቀስ ብላ፣ "እትዬ፣ የደረሰን አንድ አንድ ፓኬት ነበር። የኔ ማሳ ትንሽ ስለሆነች ግማሹን ለርስዎ ቋጥሬ ደጃፍዎ ላይ አንጠልጥዬልዎት ነበር። አላገኙትም እንዴ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልቻልሁም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ "አላገኘሁትም" አልሁ።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ማወቋን አወቅሁ። "እንግዲያ ነፋስ ወስዶት ይሆናል" አለችና ወደ ሰዉ ዞረች። ሸፈነችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን የቀናሁት በባቄላዋ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በደግነቷም ቀናሁ። ያኛው ይብሳል።

ኅዳር ላይ ሴቷ ልጄ ከደጎሎ መጣች። በየዓመቱ ለዘር ትመጣለች፤ ጆንያዋን ይዛ አንድ ሁለት ቀን አድራ፣ ከቅሌ ሞልታ ትሄዳለች። ያን ጊዜም ለቅሜ አዘጋጅቼላት ነበር። ፍሬው ደቃቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የተሻለውን ለማግኘት ሦስት ቀን ዓይኔ እስኪፈዝ ለቅሜያለሁ። እሷ በመዳፏ አነሣችው፣ መዘነችው፣ መልሳ አፈሰሰችው። ሰላም ልበላት ብላ ጎረቤት ሄደች። ስትመለስ ጆንያው ሞልቷል።

"እማ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለችኝ። "መሬቴ ጥቂት ናት። የሚሻለውን ነው የምዘራ።"

"ዘሩ የኔ ነው" አልኋት። "ከኔ ቅል ነው የወሰደችው።"

"ቢሆንም" አለች።

የወለድኋት ልጅ ከቤቴ አድራ፣ ከሌላ ሰው ደጅ ዘር ተሸክማ ሄደች። ሌላ ሰው ከሷ ዘር ቢለውጥ እችለዋለሁ፤ ሰው ሰው ነው። የዚያን ጆንያ አፍ ያሰረችበትን ገመድ ግን እስካሁን አየዋለሁ፣ ገመዱም የኔ ነበር።

እግሬ አይረጋም አላልኋችሁም? ኩታበር ልጄ ዘንድ ሄድሁ። በጋውን ሙሉ እዚያ ከረምሁ። የልጄ ሚስት ታከብረኛለች፣ ልጆቹ ይወዱኛል፤ ምንም አልጎደለብኝም። ነገር ግን ገበያ በወጣሁ ቁጥር ባቄላ የሚሸጥበት ዘንድ ሄጄ እቆማለሁ። አፍሼ አያለሁ። "ይሄ ሥሩ ምን ይመስል ነበር?" ብዬ አንዷን ሻጭ ብጠይቃት "እማማ፣ ሥሩን ልትቀቅሉት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ።

ያን ሁሉ ወር ያሰብሁት አንድ ነገር ነው። እነዚያ ነፍሳት እኔ ደጃፍ ድረስ መጥተው ነበር። የመጡት በእግራቸው ሳይሆን በሰው እጅ፣ በሰው ሐሳብ። እኔ ደግሞ በሁለት እንጨት ቆንጥጬ ሙላት ውስጥ ጣልኋቸው። መተት ነው ያልሁት ነገር እንጀራ ነበር። ቢሆንም ቅናቱ አልወጣልኝም። እንዲያውም ለምን አልነገረችኝም እላለሁ። ለምን አንጠልጥላ ዝም አለች?

ግንቦት ላይ ተመለስሁ። ባቄላ በባቄላ ላይ አይዘራምና የዚያ ዓመት ተራ ከቤቴ ጀርባ ያለችው መሬት ነበረች። የልማት ሠራተኛዋን ሄጄ ያን ጥቁር ዱቄት ጠየቅኋት። ዘንድሮ ለኛ ቀበሌ እንዳልደረሰ ነገረችኝ። ሌላ መንገድ የለም ወይ ብላት፣ ባቄላው ደኅና ከነበረበት ማሳ አፈር ወስዶ ማሳ ላይ መበተንና ወዲያው ከመሬቱ ጋር መቀላቀል እንደሚረዳ፣ ፓኬቱን ያህል ግን እንደማይሆን ነገረችኝ። ፀሐይ እንዳያገኘው ብቻ አለች። ደኅና ማሳ የማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሦስት ቀን ቤቴ ተቀመጥሁ። እኛ ዘንድ ዝናብ ሊጀምር ሲል ከማሳ አፈር ለሰው አይሰጥም፤ ፍሬው አብሮ ይሄዳል ይባላል። በደኅናው ጊዜ እንኳ የማይጠየቅ ነገር ነው። እኔ ደግሞ የምጠይቃት ከአንድ ዓመት ሐሜት በኋላ ነው፤ በአፌ ባላወራውም በሆዴ ስንት ጊዜ አምቻታለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደጇ ሄድሁ። ዘር እየለቀመች ነበር፣ እንደኔ፣ ፍሬ በፍሬ። ሳያት እንኳ መለቀሙን ከኔ ነው የተማረችው አልሁ በልቤ።

"እትዬ፣ መቼ ገቡ? ልጆች ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ" አልኋት። እኛ አገር ክርስቲያኑም ይለዋል። "አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።"

"አብሽሩ፣ ይበሉ።"

"አፈር።"

"የምን አፈር?"

"አምና ባቄላ የነበረበትን።"

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። "የአምናውን ነፋስ ወሰደው፤ ይህንንስ ማን ሊወስደው ነው?"

"ነፋስ አልወሰደውም።"

"አውቃለሁ አለመውሰዱን። ጥብቅ አድርጌ ነው ያሰርሁት። ታዲያ ምን ሆነ?"

"ወንዝ ጣልሁት።"

"ለምን?"

"መተት መስሎኝ።"

ሳቀች። ወላሂ እያለች፣ ጉልበቷን በእጇ እየመታች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ወንዝ ዳር ባቄላ በቅሎ ካየች የኔ መሆኑን ታውቃለች አለች። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ በድንገት ሳቋ ቆመ።

"የኔ መተት መስሎዎት?"

"ያን ቀን አይደለም" አልሁ። "ኋላ ነው። ማሳሽ ሲጠቁር።"

በሰፌዱ ላይ ያለውን ባቄላ በጣቷ ወዲያ ወዲህ ገፋችው። በኛ አገር ሴትን ሌባ ብትሏት ትሰድባችኋለች፤ መተተኛ ብትሏት ግን ደጇን ትዘጋለች፣ ልጆቿን የሚያገባ አይገኝም። ይህን ሳላውቅ አልነበረም የጠረጠርኋት። ይህን እያወቅሁ ነው።

ቀና ሳትል፣ "እኔ እኮ ምስጋና ስጠብቅ ነበር" አለች። "ሁለት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ቆሙ፣ ምንም ሳይሉኝ ሄዱ። ኮሩብኝ ብዬ ተቀየምሁ። ከኔ የመጣ ነገር አልፈልግም ብለው የጣሉት መሰለኝ። ሰው ሁሉ ዘር ፍለጋ እርስዎ ደጅ ሲሰለፍ ደጄን የሚያይ ሰው አልነበረኝም፤ ያም ሆኖ ግን አንድም ቀን በክፉ አልጠረጠርሁዎትም።"

ልነሣ ስል "ቅርጫትዎ የት አለ?" አለችኝ።

ደጅ አስቀምጬው ነበር። ተያይዘን ወረድን። እኔ እፍረት ይዞኝ ወሰኑ አጠገብ፣ ከዳር ዳሩ መጫር ጀመርሁ።

"ከዚያ አይደለም" አለች። "እዚያ ያለው የኔም የርስዎም ነው። ከመኻል ይውሰዱ።"

ከመኻል ቆፈርሁ፤ ባለፈው ዓመት ተሰርቄ ገብቼ ከነቀልሁበት ቦታ ብዙም አይርቅም። እሷ ያን አታውቅም፣ ወይም ታውቃለች። ፀሐይ ሳይበረታ በእርጥብ ኩታ ሸፍነን፣ በየተራ ተሸክመን ወደኔ ጓሮ አመላለስነው። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው "ባልቴቶቹ ምን ሆናችሁ ነው አፈር የምትሸከሙት?" አለን። "መተት ነው" አለችው እሷ። እኔ መሬት ዋጠኝ፣ እሷ ስቃ አለፈች። እስከ ዛሬም ሰው መኻል ታነሣብኛለች።

ዘራሁ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ መጥቆር ሲጀምር ማመን አቃተኝ። የሷን የአምናውን አያህልም፤ እውነቱን ልናገር፣ አያህልም። ግን የገረጣው ፊት ጠፍቷል። አንድ አገዳ ነቀልሁ። በዘለላ አይደለም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት እባጭ ይዟል። አንዱን በጥፍሬ ሰንጥቄ አየሁት። ቀይ ነው። ብቻዬን ጓሮዬ ቆሜ ያችን ምስር የምታክል ነገር በመዳፌ ይዤ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ከሷ ማሳ የመጡ ናቸው። የኔን ባቄላ የሚያበሉት የሷ ናቸው። ደስ አለኝ፤ ከደስታው ሥር ደግሞ ያው የማውቀው ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ።

ኅዳር ላይ ከወዲያኛው ቀበሌ አንድ ሰው ዘር ፍለጋ መጣ። ድሮ በየዓመቱ የሚመጣ፣ ባለፈው ዓመት ግን የቀረ ሰው ነው። ፍሬውን በመዳፉ መዘነና ፊቱ በራ።

"እትዬ፣ እጅዎ ተመለሰ" አለኝ።

እንዴት ያለ ቃል ነው! ዓመት ሙሉ የተራብሁት ቃል። ጣሳውን ሞልቼለት፣ እህሉን ተቀብዬ፣ በል ደኅና ግባ ብለው ምንም አይጎድልብኝም ነበር። እሱም አይጠይቀኝም። እሷም አትሰማም። ቅሉን ወደ ጣሳው አዘንብዬ ሳለሁ እጄ ቆመ።

"ዘሩ የኔ ነው" አልሁት። "አፈሩ ግን የዚያችኛዋ ነው። ይህን ወስደህ ባዶ መሬት ላይ ብትዘራው እንደኔ የአምናው ይገረጣብሃል። ዘሩን ከኔ ውሰድ፣ አፈሩን ሄደህ እሷን ለምን። እንዴት እንደሚያዝም እሷ ትነግርሃለች።"

ደጎሎም ስልክ አስደወልሁ፤ ለልጄም ይህንኑ ነገርኋት። ጆንያ ብቻ ሳይሆን ቅርጫትም ይዛ እንድትመጣ።

ሰውየው ዘሩን ተሸክሞ ወደሷ ቤት አለፈ። እኔ ቀሪውን ለመልቀም ዐውድማዬ ዳር ተቀመጥሁ። ከኔ ዘንድ ጥቂት ነበር የቆየው፤ እሷ ዘንድ ቆየ፣ ቆየ፣ ጥላው እስኪዞር ድረስ ቆየ። ሳቃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። እየለቀምሁ ነው፣ ጆሮዬ ግን እዚያ ነው። ምን እንዳሳቃቸው እስካሁን አልጠየቅኋትም።